በዲንኪቱ ሻሽ የተመረቁት የከብት ሐኪም

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ የነጌሌ ነዋሪዎች፣ ከያቤሎ፣ ከሜጋና ከሞያሌ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥላችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፣ በረታችሁን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ በእግራችሁ የደረሳችሁ የቦረና አባቶችና እናቶች፣ አካም፣ ናጋ። ዛሬ የተሰበሰብነው የአቶ ጥሩሰው ገብረአምላክን የሕይወት ታሪክ ሰምተን በክብር ልንሸኛቸው ነው። በንባቡ መካከል ሣቅ የሚያመልጠው ሰው ቢኖር አፉን በነጠላ መሸፈን አያስፈልገውም፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ እናትነሽ ትናንት ጽሑፉ ሲነበብላቸው «እንደ ነበረው አንብቡት፤ ካሳመራችሁት እሳቸውን አይመስልም» ብለው ፈቃዳቸውን ሰጥተዋልና። በውስጡ ጥቂት የተጋነነ ነገር ቢገኝም ጥፋቱ የሟቹ ነው፤ ኑሯቸው ራሱ ተጋንኖ የተኖረ ነበር።

አቶ ጥሩሰው ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረአምላክ ወልደገብርኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩነሽ ቢረሳው፣ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በቡልጋ፣ ሰኔ 12 ቀን 1908 ዓ.ም. ተወለዱ። በመንግሥት መዝገብ ላይ 1920 ዓ.ም. ተብሎ የሰፈረው ሁለተኛው ልደታቸው፣ ኋላ እንደምትሰሙት፣ በገዛ ብዕራቸው የተወለዱት ነው። አባታቸው ቀለም በጥባጭና መጽሐፍ ጸሐፊ ስለ ነበሩ በዚያ ቤት የሚታወቀው እንስሳ ተፍቆና ተወጥሮ ብራና የሆነው ብቻ ነበርና፣ ሕፃኑ ጥሩሰው እግር ያለው፣ ቀንድ ያለው፣ ይልቁንም የሚያነጥስ ከብት በዓለም ላይ መኖሩን በቅጡ ሳያውቁ ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። በሰባት ዓመታቸው የጎረቤት ላም ከኋላቸው መጥታ ብታነጥስባቸው ወይራ ዛፍ ላይ ወጡ። የወጡት በፍልሰታ መግቢያ፣ የወረዱት በፍቺው ነው ይባላል፤ አንዳንድ ተጠራጣሪዎች ግን ሦስት ቀን ብቻ ነው የቆዩት ይላሉ።

ጣሊያን ከአገር በወጣ ማግስት፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ወደ ነጌሌ ከመጣው ጦር ጋር በጸሐፊነት ተቀጥረው ወደዚህ አገር ወረዱ። ነጌሌ ያኔ ጥቂት ቆርቆሮ፣ ብዙ ድንኳንና ወሰን የሌለው ፀሐይ ነበረች። ዶሮ የተቀቀለ ዕንቁላል በምትጥልበት በዚያ ሙቀት ቀለሙ ከብልቃጡ ተነሥቶ ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ ይደርቅ ስለ ነበር አቶ ጥሩሰው እንደ ዝናብ ፈጥነው መጻፍ ለመዱ፤ ከጦሩ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሲዛወሩም የእጅ ጽሑፋቸው ውበት ከሞያሌ እስከ ይርጋ ዓለም ተሰማ። እሳቸው የጻፉት ማመልከቻ የደረሰው ሹም ሁሉ፣ ከማማሩ የተነሣ፣ ሳያነበው ግድግዳው ላይ ይሰቅለው ነበር ይባላል። ይህ ለጸሐፊው ክብር፣ ለአመልካቹ ግን መከራ ነበረ።

በ1937 ዓ.ም. የሃምሳ አለቃ ወልደየሱስን ልጅ ወይዘሮ እናትነሽን አገቡ። ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ለአባትየው አሥራ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበርና፣ ማንበብ የማይሆንላቸው የሃምሳ አለቃ ወረቀቱን አገላብጠው ለልጃቸው ሰጡ። ወይዘሮ እናትነሽም እስከ መጨረሻው አንብበው «እኚህ ሰው ይህን ሁሉ ቀለም ከሚጨርሱ መጥተው ሁለት ቃል ቢናገሩ ይበቃቸው ነበር» ሲሉ መለሱ። መልሱ እሺታ መሆኑን ለማወቅ አቶ ጥሩሰው ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። በዚህ ጋብቻ ከተማ፣ ደስታነሽ፣ ዓለሚቱና ወልደገብርኤል የተባሉ አራት ልጆች አፍርተው ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው በሞት ተለያዩ።

በ1950 ዓ.ም. ደስታ የሚሉት የከብት ወረርሽኝ ቆላውን ሲያዳርስ፣ ከብቱ ያለቀበት ሰው ሁሉ ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ ይጎርፍ ጀመር። አቶ ጥሩሰው ጻፉ። ጠዋት ይጽፋሉ፣ ከሰዓት ይጽፋሉ፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ «ደብዳቤያችሁ ደርሶናል» የሚል ነበር። አንድ ቀን አንዲት ጥጃ ሳትቀር ከብታቸው ሁሉ አልቆባቸው የመጡ ሽማግሌ፣ ጽሑፉን ጎንበስ ብለው በመደነቅ ሲያዩት ቆይተው «ጌታዬ፣ ይህን የመሰለ እጅ ላም ላይ ቢያርፍ እኮ ሞት ራሱ ያፍር ነበር» አሏቸው። አቶ ጥሩሰው ያን ዕለት ምሳ አልበሉም።

በዓመቱ የከብት ጤና ረዳቶች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ከየአውራጃው አንድ ሰው እንዲላክለት ጠየቀ። ዕድሜው ከሠላሳ ሁለት ያልበለጠ ይሁን የሚል ቃል ስለ ነበረበት፣ የአርባ ሦስት ዓመቱ አቶ ጥሩሰው ብዕራቸውን አንሥተው በአንድ ጭረት አሥራ ሁለት ዓመት ወጣት ሆኑ፤ የዚያን ያህል ዓመት በዚያን ያህል ጥቂት ቀለም የተሻገረ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ አልታየም። የአለቃቸው ቃል ግን ቀልድ አልነበረበትም፦ «ጥሩሰው፣ ወንበርህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ሰርተፊኬቱን ይዘህ ከመጣህ የከብት ሐኪም ነህ፤ ሳትይዝ ከመጣህ ደግሞ ምንም አይደለህም።» ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ነገሩ ይህ ነበር፤ በአንድ በኩል ሰርተፊኬት፣ በሌላ በኩል ደመወዝ የሌለው አባወራ፣ ሚስትና አራት ልጆች። ላም ስታነጥስ ዛፍ የሚወጡ ሰው ይህን ውል በደስታ ተፈራረሙ።

በክፍል ውስጥ የሚስተካከላቸው አልተገኘም። የላም ጨጓራ አራቱን ክፍሎች ከነተራቸው እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይወጡት ነበር፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሳለች ላም ስለማትራገጥም ከሰሌዳዋ ጋር በፍቅር ስድስት ወር ኖሩ። መከራው የመጣው ሠልጣኞቹ በሦስት መኪና ተጭነው ለተግባር ትምህርት ወደ ነጌሌ ሲወርዱ ነው።

የተግባር አስተማሪው ሻምበል ለገሰ ነበሩ፤ ዛሬ ሻለቃ ሆነው ከፊት ረድፍ የተቀመጡት፣ የጦሩ የፈረስና የበቅሎ ሐኪም። ጢማቸው ያኔ በግራና በቀኝ ሁለት ካፖርት ይሰቀልበት ነበር፤ አሁንም ቢሆን ባርኔጣ አያጣም። ሻምበሉ ወይፈን በገመድ ጥሎ ማሠር፣ የግመል አፍ ከፍቶ ማየት፣ ሰኮና መቁረጥ፣ ክንድን እስከ ትከሻ አስገብቶ ላም መክበድ አለመክበዷን በዳሰሳ መለየት ሲያስተምሩ አቶ ጥሩሰው ከሁሉም ኋላ ይቆሙ ነበር። ተክሉ የሚባለው የከፋ ልጅ ወይፈኑን በቀንዱ ይዞ እንደ ወንበር ሲያዞረው፣ እሳቸው ከጎኑ የታሠረችውን ላም የጭራ ጫፍ ብቻ፣ ያውም በመሐረብ ሸፍነው፣ በሁለት ጣት ይዘው ታዩ።

«አንተ ጸሐፊ!» አሉ ሻምበሉ። «ከላሚቱ ጋር በደብዳቤ ነው የምትገናኙት?»

«ጌታዬ፣ መልስ እስክትሰጥ ብዬ ነው» አሉ አቶ ጥሩሰው፣ ከማለታቸውም ላሚቱ በኋላ እግሯ መልስ ሰጠች። በአየር ላይ ሳሉ ሁለት ጊዜ ማማተብ እንደ ቻሉ ያዩ ይመሰክራሉ።

ያን ማታ ወይዘሮ እናትነሽ የተረገጠውን ጎን በቅቤ ሲያሹ ነገሩን ሁሉ ሰሙና፣ በማግስቱ አፉ የጠበበ፣ ሆዱ የሰፋ የውሃ እንስራ ከጓዳ አወጡ። በውስጡ ሞቅ ያለ ውሃ ጨምረው፣ ጨርቅ ነክረው፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ማንኪያና አንድ የሕፃን ጫማ ከተቱበት። «ዓይንዎን ይጨፍኑና ክንድዎን ያስገቡ፤ ጫማውን ያውጡልኝ» አሏቸው። አቶ ጥሩሰው ጫማ ነው ብለው ድንች አወጡ። ሁለተኛ ቀን ሽንኩርት አወጡ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጫማው የግራ መሆኑን፣ ማሠሪያው መላላቱንና የማን ልጅ ጫማ እንደ ሆነ ጭምር በእንስራው ውስጥ እንዳለ ይናገሩ ጀመር። ክንዳቸው ቀጭንና ረጅም፣ ጣታቸውም የጸሐፊ ጣት ስለ ነበር የማይደርሱበት ጥግ አልነበረም። ቸግሯቸው የነበረው የላሚቱ የውጪው ክፍል ብቻ ነው፤ እንስራ አይራገጥምና።

የፈተናው ቀን መጋቢት 1952 ዓ.ም. ነበር። ሻምበሉ ፈተናውን ለመስጠትና በዚያውም በአካባቢው ያለውን ከብት ሁሉ ለደስታ በሽታ ለማስከተብ፣ ከነጌሌ የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚርቅ የቦረና መንደር ሠልጣኞቹንና ስድስት ወታደሮች ይዘው ደረሱ። ከብት ግን አንድም አልጠበቃቸውም፤ ወታደር የጫነውን መኪና በሩቅ ያየው ሁሉ መንጋውን ወደ ጫካ ነድቶ ነበር። በመንደሩ የቀረችው የዲንኪቱ ላም ዳለቲ ብቻ ነበረች፤ እሷም የቀረችው ከዋዜማው ጀምሮ ምጥ ይዟት ስለ ተኛችና መራመድ ስላልቻለች ነው። ዲንኪቱ እዚያ ከእናቶች መካከል የተቀመጡት ናቸው። ከወረርሽኙና ተከትሎት ከመጣው ድርቅ በኋላ ለእሳቸውና ለባለቤታቸው ለአብዱባ የቀረቻቸው ዳለቲ ብቻ ነበረች።

ሻምበሉ ደስ አላቸው። «ፈተናው ራሱ ተኝቶ ጠበቀን!» አሉና ቅጹን ዘርግተው ተክሉን ጠሩ። ተክሉ በነጭ ጋውን፣ በጥቁር ቦት ጫማ፣ ከስድስቱ ወታደሮች ጋር ገመድ ይዞ ቀረበ። ተኝታ ነበር ያልኳችሁ ላም ተነሣች። እንዴት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ሁለት ሰው ተስማምቶ አይናገርም፤ ብቻ አቧራው ሲጠራ ከወታደሮቹ ሁለቱ ጎጆ ክዳን ላይ፣ ተክሉ የውሃ ገንዳ ውስጥ፣ ሻምበሉም በጀርባቸው የእሾህ አጥር ላይ ተገኙ። ገመዱ ደግሞ አምስት ቦታ ተበጥሶ ነበር። ሻለቃ ይቅርታ ያድርጉልኝና እሾኹን ለመንቀል አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቷል።

ሻምበሉ እንደ ተጋደሙ ፈረዱ፦ «ጥጃው ሞቷል። ላሚቱም አትተርፍም። ሥጋዋ ሳይበላሽ ትታረድ!»

ዲንኪቱ ይህ ሲተረጎምላቸው በላሚቱና በቢላዋው መካከል ቆሙ። «ማን ነው የሚያርዳት? አንተ ነህ? ና ሞክር!» አሉ ለሻምበሉ፣ አማርኛው ሲያልቅባቸው በኦሮምኛ እየጨመሩበት። «በጩኸትና በገመድ መጣችሁባት። ዳለቲ ከተወለደች ወንድ ነክቷት አያውቅም። የማልባት እኔ፣ ጥጃዋን የማጠባ እኔ፣ የምዘፍንላት እኔ። በእናንተ አገር ምጥ የያዛትን ሴት በወታደር ነው እንዴ የምታዋልዱት?»

አብዱባ ምርኩዛቸውን ተደግፈው «እኔ ባሏ እንኳ ላሚቱ አጠገብ ስደርስ ታጉረመርማለች» አሉ። «ሚስቴ ነች ወይስ ላሚቱ የምታጉረመርመው ብላችሁ አትጠይቁኝ።»

አቶ ጥሩሰው ከሁሉም ኋላ ሆነው ይህን እየተረጎሙ ነበር። ታዲያ ሐኪም ይሁኑ ተርጓሚ ሳይታወቃቸው ወደፊት ቀርበው፣ በኦሮምኛ እመቤት በሚለው አጠራር፣ «አደ ዲንኪቱ፣ እስካሁን እጅ አስገብተው ዓይተዋታል?» ሲሉ ጠየቁ። ዲንኪቱም የጥጃው ሁለት እግሮች እንደ መጡ፣ ጭንቅላቱ ግን ወደ ኋላ ዞሮ እንደ ቀረ፣ የእሳቸውም ሆነ የጎረቤቶቻቸው ክንድ እዚያ እንዳልደረሰ ነገሯቸው። ከዚያም ዓይናቸው የጸሐፊው ክንድ ላይ ዐረፈ። ትከሻውን ለኩ፣ ጣቱን ዐዩ።

«የአንተ ይደርሳል» አሉ። «ግን ይህን ነጭ ልብስህን ካየች ትገድልሃለች። አውልቅ።»

«አይሆንም!» አሉ ሻምበሉ ከእሾህ መካከል። «መመሪያ ነው! ቅጹ ላይ ተራ ቁጥር አንድ አለባበስ ነው። ጋውኑን ያወለቀ ዜሮ ነው፤ በአለባበስ ዜሮ ያገኘ ደግሞ ወድቋል። ሰማህ ጥሩሰው?»

ሰምተዋል። በዜሮና በደመወዝ መካከል ያለውን ርቀት ከዚያ ሁሉ ሰው ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ በቀለም የተጻፈ ዜሮ እንደማይፋቅ አሥራ ስምንት ዓመት በጸሐፊነት ዓይተዋል። ወይዘሮ እናትነሽን አሰቡ፣ አራቱን ልጆች አሰቡ፣ የተያዘውን ወንበር አሰቡ። ከዚያ ዳለቲን ዐዩአት። ዳለቲ ደግሞ ጭንቅላቷን መሬት ላይ ጥላ ዲንኪቱን ብቻ ትመለከት ነበር። አቶ ጥሩሰው ጋውናቸውን አወለቁና እንደ ደብዳቤ አራት ላይ አጥፈው ሻምበሉ አጠገብ፣ አጥሩ ላይ፣ አስቀመጡት።

ዲንኪቱ ሻሻቸውን ከራሳቸው ፈትተው በአቶ ጥሩሰው ራስ ላይ አሠሩ፤ ወተትና ቅቤ የጠገበ መጎናጸፊያቸውን ደረቡላቸው፤ ክንዳቸውን ከጣት እስከ ትከሻ በቅቤ ለወሱ። ሠልጣኞቹ ሣቃቸውን ለመያዝ ጋውናቸውን ነከሱ። አቶ ጥሩሰው ጫማቸውን አውልቀው ዲንኪቱ አጠገብ በርከክ አሉ፤ ዲንኪቱም ላሚቱን ሲያልቡ የሚሉትን ዜማ በቀስታ ጀመሩ። ዳለቲ አሸተተች። ጆሮዋን አንዴ አቆመች፤ የሁሉም ልብ አብሮ ቆመ። ከዚያ ጆሮዋን ጣለች። ይህች እንግዳ ጢም ያላት ሴት ትሁን እንጂ ሽታዋ የቤት ነው ብላ ደምድማ መሆን አለበት።

ክንዳቸው ገባ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የሰሌዳዋ ላም ጠፋችና የወይዘሮ እናትነሽ እንስራ መጣላቸው። ይህ ጉልበት ነው፣ ይህ ትከሻ ነው፣ ይህ አንገት ነው፤ አንገቱን ተከትለው ወደ ኋላ ሲሄዱ መንገዱ ረጅም ነበር፣ ከነጌሌ ተነሥተው ያቤሎ የደረሱ እስኪመስላቸው። በመጨረሻ አንድ እርጥብ አፍንጫ ጣታቸውን ነካ። ጣታቸውን አፉ ውስጥ ሲያደርጉት ጥጃው ጠባ።

«ሕያው ነው!» ብለው ጮኹ፤ ዲንኪቱም ዜማውን ሳያቋርጡ በክርናቸው ጎሸሟቸው። ምጥ ሲመጣ ቆመው፣ ምጥ ሲተው ትንሽ እየገፉ፣ ታችኛውን መንጋጋ በመዳፋቸው ሸፍነው፣ ጭንቅላቱን ስንዝር በስንዝር አዞሩት። ይህን ሲያደርጉ ጀንበሯ ከአናት ተነሥታ ወደ ማዘንበል ደርሳ ነበር፤ አንዳንዶች ሥራው እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች ይላሉ። ከዚያ ሁለቱን እግሮች በለስላሳ ገመድ ይዘው፣ ዲንኪቱ በአንዱ እሳቸው በሌላው፣ ዳለቲ ስታምጥ ብቻ እየሳቡ፣ አንዲት ረጅም እግር ያላት እንስት ጥጃ በአቶ ጥሩሰው ጭን ላይ ወረደች።

አልተነፈሰችም። አፏን ጠረጉ፣ ደረቷን በሣር አሹ፣ በመጨረሻም ሰንበሌጥ ወስደው አፍንጫዋን ነካኩ። ጥጃዋም በፊታቸው ላይ አነጠሰች። ያን ዕለት አቶ ጥሩሰው ዛፍ አልፈለጉም፤ ፊታቸውን እንኳ ሳይጠርጉ ጥጃዋን አቅፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ። የመንደሩ ሴቶች እልልታ ጫካ ውስጥ የተደበቀው መንጋ ጋ ደርሶ ነበር።

ሻምበል ለገሰ ግን የመመሪያ ሰው ነበሩ። ያን ምሽት የእሾህ ቁስላቸው አላስጽፍ ቢላቸው «አንተ ጽሑፍህ ያምራል፤ ሪፖርቱን አንተው ጻፈው» አሏቸው። ይህን ልብ በሉልኝ። ዕድሜያቸውን በአንድ ጭረት የቀየሩት ሰው፣ ብዕሩ በእጃቸው፣ ወረቀቱ በፊታቸው፣ የሚያያቸው ሰው ሳይኖር፣ «ተፈታኙ በፈተናው ወቅት ጋውኑን አውልቆ የባለቤቲቱን ሻሽና መጎናጸፊያ ለብሷል» ብለው በዚያ በሚያምረው እጃቸው ጻፉ። ወይዘሮ እናትነሽ ኋላ «ስለ ዕድሜዎ ዋሽተው ስለ ሻሽ እውነቱን መጻፍ ምን ይባላል?» ሲሏቸው «ዕድሜዬ የእኔ ነው፤ ላሚቱ ግን የሰው ናት» ብለው መለሱ። ሻምበሉ አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ወድቋል» ብለው ፈረሙ።

በማግስቱ ክትባቱ ሊጀመር ከብት ተጠበቀ፤ አንድም አልመጣም። በሁለተኛውም ቀን የመጣች አንዲት አህያ ብቻ ነበረች፤ እሷም ጠፍታ ነው። ሻምበሉ ያን ሁሉ መድኃኒት ይዘው ባዶ መዝገብ ቢመልሱ የሚጠብቃቸውን ያውቁ ነበርና ጢማቸው ወረደ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከአድማስ አቧራ ተነሣ። አቧራው እየቀረበ ሲመጣ ከብት ሆነ፤ ነጭ፣ ግራጫ፣ ቡሬ፣ ከፊቱ የደረሰው ውሃ ሲጠጣ ከኋላው ያለው ገና ከቤቱ አልወጣም ነበር። ከመንጋው ፊት አብዱባና ዲንኪቱ ነበሩ።

«ከብቱ ይኸው» አሉ አብዱባ። «የሚወጋው ግን ያ ሻሽ ያደረገው ሐኪም ነው። እሱ ካልሆነ እንመልሰዋለን።»

«እሱ ሐኪም አይደለም፤ ፈተና ወድቋል» አሉ ሻምበሉ።

ዲንኪቱ በአማርኛና በኦሮምኛ አደባልቀው ሣቁ። «ጥጃዋ ቆማ ትጠባለች። ወደቀ የምትለው ማንን ነው? አጥር ላይ የወደቅኸው አንተ ነህ!»

ወታደሮቹ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ሻምበሉ ቅጹን ከቦርሳቸው አውጥተው፣ መኪናው ላይ አስደግፈው፣ የአለባበስን ዜሮ በአንድ መስመር ሰርዘው በራሳቸው እጅ «ለሥራው የተስማማ፤ አሥር ከአሥር» ብለው ጻፉበት፤ ፈረሙበትም። ሻለቃ ከዚያ ወዲያ ላም ሊያዩ ሲሄዱ ሻሽ ያደርጉ ነበር የሚባለው ሐሰት ነው። ነጠላ ነበር።

ከዚያ ጀምሮ አቶ ጥሩሰው በነጌሌ፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ አሥራ ሦስት ዓመት የከብት ሐኪም ሆነው አገለገሉ። ማንም ያልሰማውን የላም ሳል ከሦስት ኮረብታ ማዶ ይሰሙ ነበር፤ በሞያሌ ሳሉም ከወሰን ማዶ የመጣ ከብት ሁሉ ያለ ይለፍ ወረቀት ይታከም ነበርና ድንበሩን የሚያውቁት ሰዎች ብቻ ናቸው ይሉ ነበር። ለተግባር ትምህርት የሚላኩላቸውን ሠልጣኞች ሲያስተምሩ መጀመሪያ እንስራውን ያወጣሉ፤ ሁለተኛ በረት ከመግባት በፊት የቤቲቱን እመቤት ማስፈቀድን ያስተምራሉ። «ላሚቱ ማንን ታምናለች? ጠይቁ!» የሚለው ቃላቸው የሚታወቅ ነው።

ከዚህም ትምህርት የተነሣ ሦስተኛዋ ልጃቸው ዓለሚቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ ወደዚያው ትምህርት ቤት እንድትገባ ማመልከቻ ጻፉላት። ዘመዶቻቸው ተሰብስበው «ሴት ልጅ ክንዷን ላም ውስጥ ከትታ ማን ያገባታል?» ብለው ሲቆጡ፣ አቶ ጥሩሰው ዳቦ እየቆረሱ «የሚያገባትን ሰው እኔ አላውቀውም፤ የምትጮኸውን ላም ግን ዐውቃታለሁ። ይህን ሥራ እኔ በውሰት ልብስ ነው የጀመርኩት፤ እሷ በራሷ ልብስ ትሥራው» አሏቸው። ማመልከቻው ግድግዳ ላይ ሳይሰቀል ተፈቀደ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የልብ ድካም ያዛቸው። በአልጋ ላይ ሳሉም ሊጠይቃቸው የመጣውን ሁሉ ምላስ አውጣ፣ ዓይንህን ልየው እያሉ መረመሩ፤ አንድ የወረዳ ሹም ደህና ከብት ነህ ተብለው ተደስተው ሄደዋል። ነገር ግን ሳይጋነን የሚነገር ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ያ ረጅም ክንድ ብርጭቆ ማንሣት አቃተው፤ ወይዘሮ እናትነሽ በእጃቸው ደግፈው አጠጧቸው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ጠዋት፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ሳለች፣ በተወለዱ በሃምሳ ሰባት፣ በመዝገብ ደግሞ በአርባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ቀብራቸው ትናንት ሊፈጸም ታስቦ ዓለሚቱ ባለመድረሷ እስከ ዛሬ መቆየቱን ታውቃላችሁ። በያቤሎ ለተግባር ትምህርት የወጣች በመሆኗ መልእክቱ ደርሷት ወዲያው መነሣቷ ተሰምቶ፣ ሳትመጣ በመዋሏ አንዳንዶቻችን ማጉረምረማችን አልቀረም። ዛሬ ጠዋት ከጭነት መኪና ስትወርድ ሁላችን ዐየናት፤ ጥቁር ልብሷ ከትከሻዋ በታች ደርቆ የነጣ ነገር ተጣብቆበት፣ አንዱ እጅጌ ተሰብስቦ።

«ምነው ልጄ?» አሏት ወይዘሮ እናትነሽ። «አባትሽ እኮ ሲጠብቁሽ አደሩ።»

«እማዬ፣ መንገድ ዳር አንዲት ላም ምጥ ይዟት አገኘሁ» አለች ዓለሚቱ። «ሾፌሩ እንሂድ እንሂድ አለኝ። ትቻት ብመጣ አባዬ ፊት እንዴት እቆማለሁ?»

ወይዘሮ እናትነሽ ልብሷን ዐዩ፣ ክንዷን ያዙ። «እሺ፤ ላሚቱስ?»

«ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ከሁለት ቀን ልቅሶ በኋላ በዚያ ግቢ እልልታ የጀመሩት ወይዘሮ እናትነሽ ናቸው። ዲንኪቱ ተቀበሏቸው፤ ከዚያ እናንተው ሁላችሁ። ካህናቱ ደንግጠው ጸሎቱን ለጥቂት ጊዜ አቋርጠው እንደ ነበር አይክዱም።

አቶ ጥሩሰው ገብረአምላክ ባለቤታቸውን ወይዘሮ እናትነሽ ወልደየሱስን፣ አራት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ በእጃቸው ያሠለጠኗቸውን ስድሳ ሁለት የከብት ጤና ረዳቶች፣ ከእነዚህም ጋር አብሯቸው የሠለጠነውንና ዛሬ ሣጥናቸውን የተሸከመውን ተክሉን፣ እንዲሁም ባለቤቶቻቸው ቁጥራቸውን ጮክ ብለው የማይናገሩትን የቦረና ከብቶች ትተውልን ሄደዋል። ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። የነፍሳቸውንም ነገር በተመለከተ ፈጣሪ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ሦስቱም ባለ ብዙ ከብት ናቸውና ጥሩሰው ሥራ ፈትተው አይቀመጡም፤ እዚያ ሲደርሱም በበሩ ላይ ልብሳቸውን የሚጠይቃቸው እንዳይኖር እንለምናለን። አሜን።